የጳጉሜ ስንብት፦ ከአንኮበር እስከ ጓሳ

ጳጉሜ 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ደብረ ብርሃን

መስከረም 3 ሌሊት ወደ ለንደን እበራለሁ፤ ከዚያ በባቡር ወደ ኤድንበርግ። የምቆየው አንድ ዓመት ነው። የብሪታንያ መንግሥት ቼቭኒንግ በሚባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብዙ አገሮች ሰው እየወሰደ ያስተምራል፤ ተማሪው ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ በውል ያስገድዳል። ብዙ ሰው ይህ ውል ይከብደዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ፈርሜያለሁ። መመለሴ በወረቀት መስፈሩ ለእናቴ ትልቅ ማስተማመኛ ነው፤ ለእኔም።

ክረምቱ በወረቀት አልቋል። የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥ፣ ከስድስት ወር በላይ ወደ ብሪታንያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያደርገው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ አሻራ፣ ቪዛ። የቀሩትን ቀናት ለሰው እንድሰጥ ያሳሰበችኝ አንኮበር ናት። አንኮበር ስል ጓደኛዬን ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ዓመት አንድ መኝታ ክፍል የተመደብን ሴት ልጆች፣ ስማችንን በቅጡ ሳንያዝ በመጣንበት አገር እንጠራራ ነበር፤ ያ መጠሪያ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። እሷ አንኮበር፣ ነርሷ ጓደኛችን ሮቢት፣ እኔ መንዝ፤ አብሮኝ የሚማረው ልጅም በዚያው ልማድ ጅሩ ተባለ። «ወላጆቻችንን ሳትሰናበቺ አትሄጂም» አለች አንኮበር፤ ከምትሠራበት ባንክ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፤ ዛሬ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ አብረን ተሳፈርን።

መንገዱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ቅቤዋ የታወቀው ሸኖ፣ ጫጫ። ከጫጫ አጠገብ አንጎለላ አለች፤ አፄ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት። ማሳው ሁሉ ገብስና ስንዴ ነው፤ ገና አረንጓዴ። አዲስ አበባን ከ130 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲረሷት፣ ደብረ ብርሃን በብርዷ ትቀበላለች። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ብርድ መርጠው መቀመጫቸውን እዚህ ማድረጋቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ጅሩ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስለ እሱ አንድ ነገር ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ። ትምህርት ላይ ስሆን ደመወዜ ይቋረጣል። የታናሽ ወንድሜ የቤት ኪራይና የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ግን አይቋረጥም። በነሐሴ የዕቁባችን ዕጣ የወጣው ለጅሩ ነበር፤ ጥጃ ሊገዛበት አስቦ ሲጠብቀው የኖረ ገንዘብ ነው። ዳኛው ስሙን ሲጠራ «ለመንዝ ይሁንላት» ብሎ ለቀቀልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም ላመሰግነው ስጀምር ወሬ ይለውጣል። የእኔን መዋጮ ደግሞ እስክመለስ ድረስ ሦስቱ እየተካፈሉ ይጥላሉ። ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚነገረው ሁሉ ስለሚሄደው ሰው ነው፤ ዕድለኛ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጀግና ነው። የሚሄደው ሰው ትቶት የሚሄደውን ሥራ ማን እንደሚሠራ ግን ማንም አይጠይቅም።

ጳጉሜ 2፣ ዓርብ። አንኮበር

ሮቢት ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች ቀረች። ሦስታችን በጠዋቱ ሚኒባስ ወጣን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ሜዳው ድንገት ያልቅና መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል። ከታች አፋር ነው። ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ በቤቶቹ መካከል ያልፍ ነበር፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ መልኩ ኋላ።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከዚህ ሆነው ገዝተዋል፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ተቀምጠዋል። ዳገቱን ስወጣ አእምሮዬ ውስጥ የነበሩት ግን እንግዶቹ ናቸው። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደዚህ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን ትተው ሲወጡ ደብዳቤ ለመቀበል ወራት ይጠብቁ ነበር። የእኔ መንገድ ግን የአንድ ሌሊት ነው። ይህን ለአንኮበር ስነግራት «ርቀቱ በሰዓት ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ አንድ ሰው ግን ሁላችንም ቆመን ብዙ አወራን። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር ነው የተወለደው። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የተላከው በ1947 እ.ኤ.አ. ሲሆን ገና ጢም ያላወጣ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የታሰበለት የማዕድን ምህንድስና ነው፤ እሱ ግን ወደ ሥዕል ዞረ፤ ተምሮም ተመለሰ። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን ባለቀለም መስታወቶች ያየ ሰው ምን ይዞ እንደተመለሰ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ እዚህ ዳገት ላይ አብረውት የሮጡ ልጆች ነበሩት። እነሱ የት ገቡ? ጅሩ «ከብት ሲጠብቁ አርጅተው ይሆናል» አለ። በንቀት አይደለም የተናገረው፤ ከብት መጠበቅ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

የአንኮበር እናት ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና የተልባ ፍትፍት፣ ከዚያ ቡና። ቤቱ በጭስ ሞቋል። እማማ ቡናውን እየቀዱ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ የሚያስንቅ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የምትሄጂበት አገር ጎረቤት አለው?»

የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ እንደምኖር፣ ክፍሉ የግሌ እንደሆነ፣ በሩ በቁልፍ እንደሚዘጋ አስረዳኋቸው።

«ያ ቤቱ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ጎረቤቱን ነው።»

«ገና አላውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲያው አንቺ ቀድመሽ አንኳኪ። እንግዳ ነኝ ብለሽ አትጠብቂ። ቆሎም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅ በር አይመታም።»

ከዚህ የሚበልጥ ምክር ማንም አልሰጠኝም። ለጉዞ ዝግጅት በተሰጠን ወረቀት ላይ ስለ ባንክ ሒሳብ፣ ስለ ሐኪም ምዝገባ፣ ስለ ዝናብ ልብስ ተጽፏል። በር ስለማንኳኳት አልተጻፈም።

ጳጉሜ 3፣ ቅዳሜ። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን

ሩፋኤል ነው። የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ጸበል ነውና እማማ ከመንጋቱ በፊት ባልዲውንም ጋኑንም ደጅ አውጥተው ደርድረዋል። ዝናቡ የመጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ያውም በበረዶ ታጅቦ። የሰፈሩ ሕፃናት ልብሳቸውን እየጣሉ ወጡ። አንኮበር ነጠላዋን ጥላ ከእነሱ ጋር ስትሮጥ ባየሁ ጊዜ ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ የምትቀመጠው ሴት መሆኗን ማመን አቃተኝ። እኔም ወጣሁ። ብርዱ እስከ አጥንት ይገባል። እማማ ከጋኑ እየጨለፉ ራሴ ላይ አፈሰሱልኝ፤ የእኔን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የልጃቸውን ስም እያከታተሉ ጠሩ። ከዚያም ከዝናቡ ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው «ለእናትሽ» ብለው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ገበያ ገባን። የበዓል ቅዳሜ ነው፤ በግ፣ ዶሮ፣ ቄጤማ፣ በርበሬ፣ የሰው ጫጫታ። ወደ ጅሩ ለመውረድ ቀን ስላልበቃን የጓደኛችን አባት ራሳቸው ወደ እኛ መጥተዋል፤ በእርግጥ ሰንጋ ሊሸጡም ነው። የጅሩ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራ ነው፤ ገበሬው በሬውን ቤት አስሮ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። የእሳቸው በሬ ሻኛ ቆሞ የሚያይ ብዙ ነበር። ዋጋ የሚከራከረውን ነጋዴ አቁመው፣ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው መረቁኝ። ገበያው መሐል ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የመረቁኝ።

«ወጥቶ ከመቅረት ይሰውርሽ። ሄደሽ ከማታውቂው ጋር ያፋቅርሽ። ቤታችን ሳትመጪ መሄድሽን አልወደድኩትም፤ ስትመለሺ መጀመሪያ የምትበዪው እኛ ቤት ነው።»

አሜን አልን።

ማታ ሮቢት ከተረኝነት ወጥታ ተቀላቀለችን። እራት ከበላን በኋላ ሁለቱ ሴቶች ቀድመው ሄዱ፤ እኔና ጅሩ በእግራችን ወደ ሥላሴ አቅጣጫ ወጣን። ያን ጊዜ ነው የተናገረው። እሱም ለዚሁ ዕድል አመልክቶ ነበር። ማመልከቻዎቻችንን የጻፍነው ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው፤ የእኔን ድርሰት አርሞ ያስተካከለውም እሱ ነው። እኔ ተጠራሁ፣ እሱ አልተጠራም።

«አንቺ በመሄድሽ ደስ ብሎኛል» አለኝ። «ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ይህን ሳልነግርሽ ብትሄጂ ዓመቱን ሙሉ በምጽፍልሽ ደብዳቤ ሁሉ እዋሽሻለሁ። ልዋሽሽ ስለማልፈልግ ነው።»

ምን ይመለሳል? ለማጽናናት ብዬ የተለመደውን ነገር፣ «የአንተም ጊዜ ይመጣል» የሚለውን ላወጣ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። እሱ ያመጣልኝ እውነት ነው፤ የሚገባው መልስም እውነት ነው። «እኔም ያለ አንተ የማስገባው ጽሑፍ ያስፈራኛል» አልኩት። እውነቴን ነው። በትምህርት ዘመናችን እሱ ያላነበበው ወረቀቴ አልነበረም። ብዙ ከተጓዝን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፦ እዚያ የምማረውን በየሳምንቱ እልክለታለሁ፣ የማነበውንም አብሮኝ ያነባል፣ ባልገባኝ ቦታ ይጠይቀኛል፣ ባልገባው ቦታ እጠይቅለታለሁ። ለመጽናኛ የተባለ እንዳይመስለው ቀኑን ቆርጠን ነው የተለያየነው፤ ዓርብ ማታ።

ጳጉሜ 4፣ እሑድ። ሸዋ ሮቢት

ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው። ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣው፣ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። በሌላኛው በኩል ስንወጣ ፀሐይ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው፦ ደብረ ሲና፣ ጥምዝምዙ መንገድ፣ ጆሮ የሚደፍነው አየር። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥተን ከ1,300 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ ሸዋ ሮቢት አረፍን። ደርቤ የለበስኩት ሹራብ ሁሉ አንድ በአንድ ወለቀ።

ሮቢት የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናት። እናቷ ከቡናው በፊት ፓፓያ ቆረጡልን፤ ለምሳ የማሾ ወጥ ነበር። ማሾ የዚህ ቆላ ሀብት ነው፤ እኛ መንዞች ከባቄላና ከአተር ሌላ የምናውቀው ስለሌለ ሮቢት ከቤት ስትመለስ ወደ መኝታ ክፍላችን ይዛ የምትመጣው ማሾ ለእኔ እንግዳ ምግብ ነበር። የዘንድሮው አዲስ ዓመት ደግሞ ልዩ ነው። የሂጅራው 1440 ዓመትም የሚገባው በዚሁ ሳምንት ነው፤ እናትየው «ሁለቱም ዓመት በአንድ ላይ ሊቀበልሽ ነው» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ።

ሮቢት ግን ዱዓው እስኪያልቅ ጠብቃ ወደ ሥራዋ ገባች። የእናቴን የግፊት መለኪያ ደብተር አስመጥታኝ ነበር። ገጾቹን አገላብጣ አየች፣ የመድኃኒቱን መጠን ጻፈች፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። ኤድንበርግ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ሰባት ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሆነ አንብባለች፤ የቫይታሚን ዲ እንክብል በየቀኑ እንድወስድ፣ ብርሃን ባለበት ሰዓት ሁሉ ከቤት እንድወጣ አዘዘችኝ። «ስትከፊ ትምህርቱ ከበደኝ ብለሽ ታስቢያለሽ። መጀመሪያ ፀሐይ ማየትሽን አረጋግጪ።» ፍቅሯን በመድኃኒት ማዘዣ መልክ ነው የምትሰጠው፤ ለምጄዋለሁ፣ ሌላ መልክም አልመኝለትም።

ጳጉሜ 5፣ ሰኞ። መንዝ

ወደ ላይ ተመለስን። ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ያደርሳል። አውቶቡሱ በበዓል ተመላሾች ተጨናንቋል፤ ዶሮ ከወንበር ሥር፣ ዘይትና ስኳር በየጭኑ። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ጥቁር በርኖስ ደርበዋል። የበርኖሱን የሱፍ ሽታ ሳሸተው ቤቴ መድረሴን አወቅሁ። የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ፣ ተደውሮ፣ ባናም ዝተትም በርኖስም የሚሆንበት አገር ነው።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወደ ጓሳ በሚወስደው በኩል ነው። ሲመሽ ችቦ ለኮስን። አባቴ ጅሩን ከፊት አስቀደመው፤ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ቀድሞን ገብቶ ስለነበር ሁለቱ እየተቀባበሉ «ኢዮሃ» አሉ። በተራራው ትከሻ ላይ ከየቤቱ ችቦ ይታያል። እናቴ የሩፋኤሉን ውኃ ተቀብላ ፊቷን ታበሰች፤ ላኪዋን በአካል አግኝታት አታውቅም። «ንገሪያት፣ ደርሶኛል» አለቻት ለአንኮበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ጓሳ

ጠዋት ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ደጃችን ደረሱ። ራዲዮኑ ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ከኤርትራ ጋር ያለው ድንበር መከፈቱን ተናገረ። ሃያ ዓመት ያልተገናኙ ዘመዳሞች ተቃቅፈው የሚያለቅሱበት ቀን ነበር። እናቴ ማጀት ቆማ ስትሰማ በመቀነቷ ዓይኗን ጠረገች። ስለ አንድ ዓመት መለየት ማዘኔን ለጊዜው ከአፌ መለስኩ።

በግ ታርዷል። ለሮቢት ግን እናቴ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት፣ አዲስ ማማሰያና አዲስ ሳህን ከገበያ አስገዝታ ለብቻው ሽሮና ጎመን ሠርታላታለች፤ እንቁላልም ጨምራ። ማንም አልነገራትም። ድስቱን ከምግቡ በኋላ አጥባ መደርደሪያው ላይ ለይታ አስቀመጠችው። «ይህ የአንቺ ነው፤ ልታዪኝ ስትመጪ የምትበዪበት» አለቻት። ሮቢት ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ አራት ቀን ሙሉ ትእዛዝ ስትሰጠኝ የሰነበተች ልጅ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ በትሩን አንሥቶ ወደ ጓሳ ወሰደን። እኔ የማጠናው ስለዚህ ቦታ ስለሆነ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። የሣሩም ስም ጓሳ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለክረምት ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ይህን መሬት ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ጠብቆታል። የአስቦና የገራ፣ የአቅኚ አባቶች ዘሮች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ያገኘ ሁሉ አጨደ፣ ያገኘ ሁሉ አሰማራ። አባቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበር። «አንድ ክረምት ሣሩ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ብቻ ቆመ» ይላል። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ኮሚቴ አቁሞ፣ ሕግ አውጥቶ መልሶ ያዘው።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ሕግ መጠበቅ እንደሚችሉ በማሳየቷ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። እኔ የምሄደው ይህን ትምህርት በቅጡ ለመማር ነው፤ እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሕግ ፊት እንዴት እንደሚቀርብ። ለአባቴ ይህን ስነግረው በጥሞና አዳመጠና «ሴትየዋ መንዝ መጥታ ነበር?» አለ። አልመጣችም አልኩት። «እንግዲያው አንቺ ንገሪያቸው። አባ ቄራ ሲመረጥ ምን እንደሚባል፣ ሣር የሰረቀ ምን እንደሚቀጣ፣ ሳትጠየቂም ቢሆን ንገሪ።» ይህን እንደ አደራ ተቀብያለሁ።

ጭላዳዎቹ በገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፤ የእኛ መምጣት አላሳሰባቸውም። ጅብራዎቹ ጉም ውስጥ ቆመዋል። ልንመለስ ስንል ጅሩ እጄን ያዘኝ። ከእኛ ወረድ ብሎ ቀይ ቀበሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይጥ ያደምጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ መኖሪያቸውም ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዘሎ ያዘ፣ ዋጠ፣ ሄደ። ጅሩ ሹክ ብሎ «እኔ እቆጥርልሻለሁ» አለኝ። ዘንድሮ ወደዚህ ወረዳ ለመዛወር አመልክቷል፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚያስፈልገኝን የሣር ልኬት በየወቅቱ እየመጣ ሊወስድልኝ ነው። ስሙ ከስሜ ጎን እንዲጻፍ ነገርኩት። «ይህንን እናያለን» አለ። እኔ ግን ወስኛለሁ።

መስከረም 2፣ ረቡዕ። ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ

እናቴ ሻንጣዬን ራሷ አሰናዳች። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የገብስ ቆሎ። ቅቤውና ቋንጣው ግን ተመለሰ፤ ብሪታንያ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ መግባት ትከለክላለች። ይህን ስነግራት ከሁሉ በላይ ያሳዘናት እሱ ሆነ። ቆሎውን በሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ ለጎረቤት ነው። የአንኮበር እናት የተናገሩትን ልጃቸው ነግራት ነበር።

ስለ እኔና ስለ እናቴ ስንብት አልጽፍም።

ደብረ ብርሃን ላይ ጅሩና ሮቢት ወረዱ። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ያዘጋጀሁት መለያየት ነበር፤ ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ፣ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠው የሌላ ሰው ዕቃ እንኳ ሳይነሣ አለፈ። ሮቢት በመስኮት የእንክብል ብልቃጥ አቀበለችኝ። ጅሩ «ዓርብ» አለኝ። «ዓርብ» አልኩት። ጫጫ እስክንደርስ አንኮበር እጄን ይዛ ምንም አልተናገረችም፤ ማልቀሴንም አልከለከለችኝም።

መስከረም 3፣ ሐሙስ። ቦሌ

ሻንጣዬ ከ23 ኪሎ በታች ሆኗል። አንኮበር ግን ሚዛኑን አላመነችም፤ ደግማ አስመዘነች። መግቢያው በር ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሰናበታል፤ እኛ ግን ወንበር ይዘን የቀረውን ሥራ በስልካችን ለአራታችን በከፈትነው የቴሌግራም መስመር ጻፍን። ኤድንበርግ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ሦስት ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአራታችንም የሚመች ሰዓት ስለሆነ መደወያችን እሱ ነው። የዕቁቡን መዋጮ መስከረምን አንኮበር፣ ጥቅምትን ሮቢት፣ ኅዳርን ጅሩ ይጥላሉ፤ ከዚያ እንደገና ከአንኮበር ይጀመራል። የወንድሜ ኪራይ በየወሩ በአንኮበር በኩል ይላካል። የእናቴ ቀጠሮ ጥቅምት 12 ነው፤ ሮቢት ሦስት ቀን ቀድማ ወጥታ መንዝ ታድራለች፣ ወደ ሐኪም ይዛት ትሄዳለች፣ ውጤቱን በዚያው ማታ ትጽፍልኛለች። ጅሩ የመጀመሪያውን የሣር ልኬት የሚወስደው ኅዳር ላይ ነው፤ የሜትር ገመዱን ከአባቴ ዘንድ ትቼለታለሁ።